ለምርቃት የተከልኩት ድንኳን

ሱቅ የከፈተ ሰው የመጀመሪያ ደንበኛውን አይረሳም። የእኔዋ እያለቀሱ ነው የገቡት። ዕቃ ተወዶባቸው እንዳይመስላችሁ፤ ገና ዋጋ አልጠየቁም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን በመዳፋቸው እየመቱ ገቡና ለሽያጭ ከደረደርኳቸው ወንበሮች በአንዱ ላይ ቁጭ ብለው “ወይኔ! ወይኔ!” ማለት ጀመሩ። እኔም እንደ ማንኛውም ጨዋ ነጋዴ “እንኳን ደህና መጡ” ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ጊዜያችሁን አልፈጅም ብል ውሸት ነው። ሱቅ ውስጥ የሚውል ሰው ወሬ ማሳጠር አያውቅበትም።

እኔ የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ነኝ። ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጀሪካን፣ ወንበር። ሾላ ገበያ መሬት ላይ ሸራ ዘርግቼ ጀመርኩ፤ የተማርኩትም የተመረቅኩትም እዚያው ሸራ ላይ ነው። ዲግሪ የለኝም፤ ግን ሰው ሳፋ ሲያነሳ ጣቱን አይቼ የሚገዛውን ከሚያሾፈው እለያለሁ። “ይህን ያህል የነቃ ሰው፣ ሰው የተገደለበትን ቤት ሳያጣራ እንዴት ተከራየ?” ትሉኝ ይሆናል። ባለቤቴም ይህንኑ ጠይቃኛለች፤ እሷ ግን እንደ እናንተ በትህትና አልጠየቀችም።

የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነበር። አባዶ ጥሩ ሰፈር ነው፤ ችግሩ ከሌላው ዓለም መራቁ ብቻ ነው። ጠዋት ልጄ ሳትነቃ እወጣለሁ፣ ማታ ከተኛች በኋላ እገባለሁ፤ የተረፈውን ዕድሜዬን የታክሲ ሰልፍ ይወስደዋል። አንድ እሁድ ቁርስ ላይ ልጄ ትክ ብላ አየችኝና እናቷን “እማዬ፣ ሰውዬው ዛሬም አለ?” አለቻት። ሰውዬው እኔ ነኝ። ከፊቱ ሱቅ፣ ከኋላው መኖሪያ ያለው ቤት ካላገኘሁ ብዬ የማልኩት የዚያን ዕለት ነው። በዚያ ላይ የኮንዶሚኒየሙ ባለቤት ልጁን ሊድርበት ስለሆነ በወሩ መጨረሻ ልቀቁልኝ ብሎናል።

ቤቱን ያገኘልኝ ሳሚ የሚባል ደላላ ነው። ሳሚ ሲናገር ግማሹን በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ቢዋሽ ኃጢአት የሚሆንበት ይመስለዋል።

“ብሮ፣ ቤቱ ፐርፌክት ነው” አለኝ። “ከኮተቤ መንገድ ወደ ጫካው በሚወጣው ኮብልስቶን ላይ ነው። ፊት ለፊት ሱቅ፣ ከኋላ ሁለት ክፍል፣ ግቢ፣ ውሃ። አየሩ በቃ እንጦጦ ማርያም ያለህ ነው የሚመስልህ።”

“ኪራዩ ለምን ረከሰ?”

“ኦነሯ ሪላክስድ ሴት ናት።”

መንቃት የነበረብኝ ይኼኔ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዘና ያለ አከራይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ዕቃ ያለ ምክንያት ከረከሰ ወይ ተሰርቋል፣ ወይ ተሰንጥቋል። ይህን ስንቱን ስመክር ኖሬ የራሴ ተራ ሲደርስ ውሉን ፈርሜ፣ ሳፋዬን ጭኜ፣ እየተፍለቀለቅሁ ገባሁ።

ምሥጢሩን የነገሩኝ ከመንገዱ ማዶ እህልና በርበሬ የሚሸጡት ሐጂ ሙዘይን ናቸው። ከስልጤ መጥተው እዚያ ሰፈር ያረጁ፣ የሰከኑ ሰው ናቸው። ዕቃ ሳወርድ መጥተው ቆሙና “ማሻአላህ። ብቻህን ነህ?” አሉኝ።

“ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ነኝ ሐጂ።”

“አላህ ይጠብቃችሁ” አሉ፤ ድምፃቸው ግን ቀብር ላይ እንደቆመ ሰው ነው። ጎረቤት ነጋዴ እንዲህ ሲመርቃችሁ ጠርጥሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ቤት ጋሽ ላቀው የሚባሉ ራዲዮ ሠሪ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ ማለዳ የኋለኛው ክፍል ውስጥ፣ ሥራ ጠረጴዛቸው ሥር፣ ጭንቅላታቸውን ተመትተው ሞተው ተገኙ። ገዳዩ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከዚያ በኋላ የገባ ተከራይ ሁሉ ሳይሰነብት ይወጣል። አንድ መምህር ማታ ማታ ራዲዮ ይሰማኛል ብሎ ወጣ። አንዲት ጸጉር ሠሪ ጣራው ላይ ሰው ይሄዳል ብላ የጸጉር ማድረቂያ ካስኳን ሳትነቅል ሄደች። ጣራው ላይ የሚሄደውን እኔ አግኝቼዋለሁ፤ ጦጣ ነው። ከጫካው ወርዶ ቆርቆሮው ላይ ይንሸራሸራል። አንድ ጠዋት ፊት ለፊት ተገጣጠምን፤ ከሁለታችን የሮጥኩት እኔ ነኝ።

ባለቤቴ አዳነች ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ወሬው ጆሮዋ ሲገባ አባዶ ቁጭ አድርጋ አናገረችኝ።

“እኔ የሞተ ሰው አልፈራም፣ ሥራዬ ነው” አለችኝ። “ጣራ ላይ የሚሄደውንም አልፈራም። የምፈራው ጎረቤቱን ነው።”

“ጎረቤቱ ምን አደረገ?”

“ምንም! ሰው በሰፈር መሃል ተገድሎ አንድ ያየ የለም፣ አንድ የሰማ የለም። ነገ ልጄ ከአጥር ላይ ወድቃ ብትጮህ ማን ነው ብቅ የሚለው? አፍ የሌለው ሰፈር ውስጥ ልጅ አላሳድግም። አበቃ።”

አዳነች “አበቃ” ካለች ለይግባኝ የሚሄዱበት ቦታ የለም። እሷ ልጃችንን ይዛ አባዶ ቀረች፤ እኔ ከጦጣው ጋር። የወሩ መጨረሻ ደግሞ ለማንም ሳይል ይመጣል።

እንዲያው ደንበኛ ቢኖር፣ “ይኸው ሰው ይገባል ይወጣል” ብዬ አሳያት ነበር። የለም። ሰዎቹ ሱቄ ጋ ሲደርሱ ወደ ማዶ ይሻገራሉ፤ ካለፉ በኋላ ተመልሰው ይሻገራሉ። አንዷማ ባልዲ ፈልጋ ከማዶ ሆና በምልክት ጠየቀችኝ፤ ቀለሙን በምልክት፣ መጠኑን በምልክት። ዋጋ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም እጃችን ዛለና ተውነው።

ስለዚህ ምርቃት አስቤ ቁጭ አልኩ። ድንኳን ተክዬ፣ ሙዚቃ ለቅቄ፣ ወንበሮቼን ደርድሬ፣ አላፊ አግዳሚውን ለስላሳ አጠጥቼ ሰፈሩን ላስደስት። የደስታ ቤት መሆኑን ሲያዩ ፍርሃቱ ይለቃቸዋል፤ ሱቁ ሞቅ ሲል አዳነችም ትለሰልሳለች። ዕቅዱ ላይ አሁንም ስህተት አላይበትም።

ስህተቱ ድንኳኑ ላይ ነው። የሠርግ ድንኳን የሚያከራየው ሰው ዋጋውን ሲነግረኝ ሙሽራዋንም የጨመረ መስሎኝ ነበር። ታች ኮተቤ ግን አንድ እድር ድንኳኑን በርካሽ ያከራያል አሉኝ። ድንኳን ድንኳን ነው፤ ሸራ ምን ያውቃል? አመጣሁት። ወጣቶቹ ሲተክሉት ጎኑ ላይ በትልልቁ የእድሩ ስም ተጽፏል።

“ጽሑፉን ወደ ውስጥ አዙሩት” አልኳቸው።

“ጋሼ፣ በዚያኛውም በኩል ተጽፏል።”

“እንግዲያው ተዉት፣ ማን ያነባል።”

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ተሰናዳ። የሠርጌን ጥቁር ኮት ለበስኩ። ጢሜን ልላጭ ወደ ጸጉር አስተካካዩ ብሄድ መብራት የለም። ሙዚቃ የሚያጫውተው ሰውዬ ስፒከሮቹን ድንኳኑ አፍ ላይ አቁሟል፤ መብራት ስለሌለ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ አጠገባቸው ተቀምጧል። አሁን በእናንተ ዓይን እዩት። የእድር ድንኳን፤ ውስጡ ባዶ ወንበሮች በረድፍ፤ በር ላይ ጥቁር የለበሰ፣ ጢሙ ያደገ ሰው፤ አጠገቡ ጭንቅላቱን የያዘ ሌላ ሰው። ጭር ብሏል። እኔ ብሆን ራሴ ገብቼ አለቅስ ነበር።

እማማ ዘነቡ የገቡት ይህን አይተው ነው። ከግቢያችን አጥር ቀጥሎ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። አልቅሰው ሲያበቁ ቀና ብለው አዩኝና “እግዚአብሔር ያጽናህ የኔ ልጅ” አሉኝ።

እስቲ ፍረዱ። “እግዚአብሔር ያጽናህ” ሲሏችሁ “ለምን?” ይባላል? እናቴ እንደዚያ አላሳደገችኝም። ጎንበስ ብዬ “አሜን” አልኩ። ከዚያች “አሜን” በኋላ መመለሻ አልነበረም።

ሁለት ሴቶች ተከተሉ። ከዚያ የሰፈሩ ጥበቃ ኮፍያውን አውልቆ ገባ። ሐጂ ሙዘይን ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውኩ። እስከ ትናንት ወደ ማዶ ይሻገርብኝ የነበረ ሰፈር በአንድ ጠዋት ወንበሮቼን ሞላቸው። ሸቀጤ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ደፍተዋል። ነጋዴ ነኝና አንድ ዓይኔ አዝኖ ሌላው ወንበሮቹ ክብደት መቻላቸውን ያያል፤ ችለዋል።

ለቅሶ ቤት ገብቶ “ማን ሞተ?” ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ሰው ዝም ብሎ ይቀመጥና ቀስ ብሎ ከጎኑ ካለው ያጣራል። የዚያን ቀን ችግሩ ከጎን ያለውም አለማወቁ ነው። ሹክሹክታው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ዞሮ ሲመለስ ሟቿ ታውቃ ነበር።

“ሚስቱ ናት አሉ።”

“ለዚህ ነዋ እስካሁን ያላየናት!”

“ገና ልጅ ነበረች ይላሉ።”

አንድ አዛውንት ትከሻዬን ያዝ አድርገው “ታማ ነው ወይስ ድንገት?” ሲሉኝ ላቤ መጣ። አዳነች አባዶ ሆና በሕይወት፣ ያውም በቁጣ ላይ እያለች እዚህ ተለቀሰላት። ይህስ አይሆንም ብዬ ልናገር ብድግ አልኩ።

“ወገኖቼ” አልኩ፣ ድምፄ ተንቀጠቀጠ።

“ያዙት! ያዙት!” አለ አንዱ። ከአራት በኩል ያዙኝ። ውሃ አጠጡኝ፣ ኮሌታዬን ፈቱልኝ፣ በግድ አስቀመጡኝ። “እኔኮ ልናገር…” ስል “አይዞህ፣ ወንድ ልጅ አይደለህም እንዴ!” እያሉ ትከሻዬን ተጫኑ። እንደገና ተነሳሁ፤ እንደገና ያዙኝ። በሦስተኛው ተውኩት፤ ለመናገር በተነሳሁ ቁጥር ሐዘኔ እየበረታ ይሄድ ነበር።

ከዚያ ንፍሮ መጣ። በትልቅ ሳፋ፤ ሳፋው ደግሞ የእኔ አይደለም፣ ከሌላ ነጋዴ የተገዛ ነው፤ ይህም በራሱ አሳዘነኝ። ንፍሮ ከመጣ ለቅሶው ጸድቋል ማለት ነው። እፍኝ ተሰጠኝና እያላመጥኩ አንዴ የባለቤቴን ሞት፣ አንዴ የወሩን መጨረሻ አስባለሁ።

ጋሽ ባልቻ የደረሱት ይኼኔ ነው። የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጂምናስቲክ አስተማሪ ስለሆኑ አሁንም ሲቆሙ ደረታቸው ይቀድማል። ገብተው አልተቀመጡም። ድንኳኑን ከላይ እስከ ታች አዩት፣ ጽሑፉን አነበቡት፤ ለካ የሚያነብ ሰው አለ።

“የእኛ ሰፈር ሰው ሞቶ የኮተቤ እድር ድንኳን ይተክላል?” አሉ። “እኛ ሞተናል? መቼ ተነገረን? ጡሩምባ ማን ነፋ? ለመሆኑ ሟቹ ማን ነው?”

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እንግዲህ በቃ፣ “ማንም አልሞተም፣ ባልዲ ልሸጥ ነው” ልል አየር ሳብኩ። በዚያች ቅጽበት መብራት መጣ።

ሙዚቀኛው ስፒከሩን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ትቶት ነበር። የሠርግ ዘፈን ከነከበሮው ሆ ብሎ ሲፈነዳ ድንኳኑ ተነስቶ የተቀመጠ መሰለኝ። “የላቀው ራዲዮ!” ብሎ አንዱ ጮኸ። ከዚያ የሆነውን እንደ ነጋዴ ልንገራችሁ፤ ወንበሮቹ በአንድ ጊዜ ባዶ ሆኑ። የጥበቃው ሰውዬ ኮፍያውን ትቶ ሮጠ። ጋሽ ባልቻ በጂምናስቲክ እግራቸው የንፍሮውን ሳፋ ዘለው መንገድ ላይ ተገኙ። ሙዚቀኛው ገመዱን እየጎተተ እስኪነቅለው ድረስ ዘፈኑ “እሰይ እሰይ” ይላል።

ጸጥ ሲል ድንኳኑ ውስጥ የቀረነው እኔና እማማ ዘነቡ ነን። እሳቸው አልተነቃነቁም። ወደ ቤቱ ዞረው፣ ከሰው ጋር እንደሚነጋገሩ ሁሉ፣ “በቃህ ላቀው” አሉ። “ሰማንህ። ይኸው መጣን። ዘገየን እንጂ መጣን።”

የሸሸው ሰው አንድ በአንድ ተመልሶ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆመ።

“እማማ ዘነቡ፣ የምን ላቀው ነው?” አሉ ጋሽ ባልቻ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ።

“ስንት ላቀው አለን? ይህ ልጅ የላቀውን ለቅሶ ነው የተቀመጠው። እኛ ያልተቀመጥንለትን! ሰው እንደ ውሻ ሞቶ ድንኳን ያልተተከለለት፣ ጡሩምባ ያልተነፋለት፣ ሬሳውን የሩቅ ዘመድ ከሆስፒታል ወስዶ የቀበረው። ባዳ መጥቶ፣ ሳያውቀው፣ ጢሙን አሳድጎ ተቀመጠለት። እኛ የት ነበርን?”

ሁሉም እኔን አዩኝ፤ አሁን ዓይናቸው ሌላ ነው። ያኔ ማስተካከል እችል ነበር። አልዋሽም፣ ደንበኛ ዕቃዬን ከዋጋው በላይ ሲያደንቅ የማረም ልማድ የለኝም። ጢሜን ዳበስኩና አንገቴን ደፋሁ።

“ድንኳኑን የከለከልከው አንተ ነህ ባልቻ” አሉ እማማ ዘነቡ።

“እኔ ነኝ!” አሉ ጋሽ ባልቻ። “ገዳዩ ከመሃላችን ተቀምጦ ንፍሮ እየበላ ያልቅስ እንዴ? እያወቅሁ?”

“ማንን ነው የምታውቀው?” አሉ ሐጂ ሙዘይን።

ጋሽ ባልቻ ጣታቸውን ወደ ሐጂ ቀሰሩ። ከዚያ የታመቀው ሁሉ አንዴ ወጣ። “አንተን! ያን ጠዋት ከላቀው በር እየሮጥክ ስትወጣ በዓይኔ አይቼሃለሁ ሙዘይን!”

“እኔን?” ሐጂ ሰዉን እየገፉ ወደ ፊት ወጡ። “እኔማ ሰላም ልበል ብዬ ገብቼ ወድቆ ባየው ደንግጬ ነው የሮጥኩት! ይልቅ አንተ ከእኔ በኋላ ገብተህ እየሮጥክ አልወጣህም? ገዳይ ሞቱን ለማረጋገጥ ይመለሳል ሲሉ ሰምቼ፣ ይኸው ስንት ዓመት አንተ ነህ ብዬ!”

“እኔም ሬሳውን አይቼ ነዋ የሮጥኩት!”

“ወላሂ?”

“ጂምናስቲክ አስተማሪ ሰው ይገድላል እንዴ!”

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተፋጠው ቆሙ። ከኋላቸው እማማ ዘነቡ ቀስ ብለው “እኔ ደግሞ” አሉ፣ “በአጥሩ ቀዳዳ ሁለታችሁንም ስትሮጡ አይቻለሁ። ተባብራችሁ የገደላችሁት መስሎኝ ነበር።”

“ተባብረን?” አሉ ሁለቱ፣ ተባብረው።

“በየበዓሉ ድፎ የምልክላችሁ ለምን ይመስላችኋል? እንዳትገድሉኝ ብዬ ነው።”

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሐጂ ይመስሉኛል። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳቅ ሲያመልጥ አያድርስ ነው፤ አፍ ሲይዙት በትከሻ ይወጣል። ጋሽ ባልቻ ሐጂን አቅፈው ትከሻቸው ላይ ይንፈቀፈቃሉ፤ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ እሳቸውም የለዩት አይመስለኝም። ሦስት ሰው ያን ጠዋት የሆነውን አይቶ ሦስቱም ለፖሊስ “አላየንም” ብሎ፣ ከዚያ ያን ሁሉ ዓመት ገዳይ ነው ያለውን ሰላም እያለ ኖሯል። ቤቱ ምን ያድርግ? ሰፈሩ በሙሉ የፈራው እርስ በርሱን ነው፤ ፍርሃቱን ግን በእኔ ቆርቆሮ አሳበበ።

ሳቁ ሳይበርድ ከኮብልስቶኑ በኩል ጩኸት መጣ። “ወይኔ ባሌን! ወይኔ የልጄን አባት!” የማውቀው ድምፅ ነው።

ለካ ሳሚ ደላላው ጠዋት በታክሲ ሲያልፍ ድንኳኑን አይቷል። ባየው ጊዜ ሌላ ምንም አልጠረጠረም፤ ቤቱ በልቶኛል ብሎ ደመደመ። ለአዳነች ደውሎ “ሲስ፣ ስትሮንግ ሁኚ፣ ድንኳኑ ተተክሏል” አላት። አዳነች ልጃችንን ለጎረቤት ሰጥታ ከአባዶ እስከዚህ እየጮኸች መጣች፤ ታክሲው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አብሯት አልቅሷል አሉ። ደርሳ ብታይ የባሏ ለቅሶ ላይ ሰዉ በሳቅ ይንከተከታል።

“ምን ዓይነት አረመኔዎች ናችሁ!” ብላ ገባች። ከዚያ እኔን አየች። አፌ ንፍሮ ሞልቶ ነበር።

በቦርሳዋ መታችኝ። ከዚያ አቀፈችኝ። ከዚያ እንደገና መታችኝ። ለምን ሁለት ጊዜ እንደሆነ ጠይቄያት “አንዱ ለሞትከው፣ አንዱ ላልሞትከው” ብላኛለች። ሴቶቹ በበኩላቸው ሲለቀስላት የዋለችው ሟች በእግሯ ስትመጣ አይተው አማተቡ።

እማማ ዘነቡ እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧትና ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሯት። ላቀው ማን እንደነበረ፤ ራዲዮ ሠርቶ ገንዘብ ሲሰጡት “ድፎ ሲጋገር ይላኩልኝ” ይል እንደነበር፤ ያን ጠዋት ማን ገባ፣ ማን ወጣ። ሐጂ “በሩ ገርበብ ብሎ ነበር” ሲሉ ጋሽ ባልቻ “የለም፣ ብርግድ ብሎ ነበር፣ አንተ ስትወጣ ከፍተኸው ነው” ይላሉ። ሌላዋ ሴት ከዚያ በፊት በነበረው ማታ የማታውቀው መኪና ቆሞ ማየቷን አስታወሰች። “ይሄን እስከ ዛሬ ለምን አልተናገርሽም?” ቢሏት “ማን ጠየቀኝ!” አለች። ሁሉም በአንዴ ይናገራል፤ ሁሉም ያርማል። ሰኞ ተሰብስበው ጣቢያ ሄደው ያዩትን ሊናገሩ ተስማሙ። ሄደውም ተናገሩ፤ ወጣቱ ፖሊስ ጻፈ፣ መዝገቡ ተከፈተ። ገዳዩ እስካሁን አልተያዘም። ነገር ግን አሁን የሚፈለግ ሰው ሆኗል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የሚፈልገው አልነበረም።

አዳነች ትሰማለች። ፊቷን ሰርቄ አየሁት፤ ዋጋ እያሰበ ያለ ደንበኛ ፊት ነው። እንዲህ ያለ ደንበኛ አይናገሩትም።

ጋሽ ባልቻ የራሳችን እድር ድንኳን ይምጣ ብለው አዘዙና ከኮተቤው ጎን ተተከለ። ጡሩምባም ተነፋ፤ “ላቀው አረፈ” እየተባለ ሲለፈፍ ሰፈሩ ዳር ያለ ሰው “እንደገና?” ብሎ ወጣ። እንግዳው በዛ። ሻይ ተፈላ፣ ብርጭቆ አለቀ። አዳነች ደግሞ ያልታጠበ ብርጭቆ ባለበት መቀመጥ አይሆንላትም። እጅጌዋን ሰብስባ ተነሳችና፣ ውሃው የት እንዳለ ጠይቃ፣ ወደ ቤቱ ገባች።

ገባች አልኳችሁ! እግሬን አላስገባም ያለችበት ቤት! ብርጭቆ ይዛ ትወጣለች፣ ብርጭቆ ይዛ ትገባለች። አላስታወስኳትም። ማንም እንዳያስታውሳት ብዬ በዓይኔ ለመንኩ። እማማ ዘነቡ ገብቷቸው አንገታቸውን ነቀነቁልኝ።

አንዴ ግን ገብታ ቆየች። ልቤ ከእሷ ጋር ገብቶ በየክፍሉ ይዞራል። ስትወጣ እጇ እንደረጠበ በሩ ላይ ቆመች።

“የኋለኛው ክፍል ውስጥ ልጄ አትተኛም” አለች።

ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ የወሩን መጨረሻ፣ የታክሲውን ሰልፍ፣ “ሰውዬው ዛሬም አለ?” የሚለውን ሁሉ አንድ ላይ አየሁት።

“በዚያ ቀለም?” አለች አዳነች። “ቢጫ ነው፣ ቡኒ ነው? የትኛው ዕውር ነው የቀባው?”

ትንፋሼ ሲወጣ ድንኳኑን ሳያወዛውዘው አልቀረም።

“ሰማያዊ ይሁን” አሉ እማማ ዘነቡ ወዲያው። “ላቀው ሰማያዊ ነበር የሚወደው።”

“ለልጅ አረንጓዴ ይሻላል፣ ዓይን ያሳርፋል” አሉ ሐጂ።

“ነጭ! ንጽሕና ነው!” አሉ ጋሽ ባልቻ ደረታቸውን ነፍተው።

ሮዝ የሚል ተነሳ፤ ክሬም የሚል ተነሳ። ሁለት ድንኳን ሙሉ ለቀስተኛ፣ ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ፣ ስለ ልጄ ክፍል ቀለም መነታረክ ጀመረ። ያ አፍ የለውም የተባለ ሰፈር ነው እንግዲህ፤ ዝም በሉ ቢባሉ የሚሰማ ጠፋ። በመጨረሻ ጋሽ ባልቻ በእድር ሥርዓት እጅ አስወጡ። ቢጫው እንዳለ ይቅር ብዬ እጄን ያወጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ድምፄ ከነምክንያቱ ውድቅ ሆነ። ሰማያዊ አለፈ።

ቀለም መሸጫው ሳይዘጋ ልድረስ ብዬ ተነሳሁ። ኮብልስቶኑ ላይ ስወጣ አዳነች ከበሩ ተጣራች።

“ብሩሽ እንዳትረሳ!”

“እሺ።”

“ሁለት አድርገው፤ አንዱ የኔ ነው።”